በ36 ዓመቴ የሜዳ ሆኪ ልጀምር ነው፤ ከየት ልነሳ?

ዘግይቶ_ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤቴ አጠገብ የሆኪ ክለብ አለ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አጥሩን ተደግፌ ልምምዳቸውን ማየት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ተጫዋች ወደ አጥሩ መጣችና "ቆመህ ከምታይ ለምን አትገባም?" አለችኝ። ሳቅ ብዬ ሹልክ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

36 ዓመቴ ነው። እስከ ኮሌጅ ድረስ እግር ኳስ እጫወት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የወንበር ታሪክ ነው። የሆኪ ዱላ ጨብጬ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ ይቀበሉኛል? መጀመሪያ ምን ልግዛ? ሕጉንስ ሳላውቅ ብሄድ መሳቂያ አልሆንም? እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው ነው።

ግራክንፍ

ያቺ ልጅ የጠራችህ ለጨዋነት ብቻ እንዳይመስልህ። ሰው ስለሚጎድላቸው ነው! እኔ በ31 ዓመቴ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትንሽ ተለቅ ያለ ክለብ ከአንደኛው ቡድን በታች ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አራተኛ ቡድን ይኖረዋል። የታችኛው ቡድን ቅዳሜ ጠዋት ላይ 11 ሰው ለመሙላት ሲደዋወል ነው የሚያድረው። ቅያሪ ደግሞ እንደ እግር ኳስ አይደለም፣ ደክሞህ የወጣኸው ሰውዬ ተመልሰህ መግባት ትችላለህ፤ የፈለግከውን ያህል ጊዜ። አራት ደቂቃ ሮጠህ፣ ወጥተህ ተንፍሰህ፣ እንደገና ትገባለህ። ለ36 ዓመት ሳንባ የተሠራ ሕግ ነው።

ግዢን በተመለከተ፦ ሁለት ነገር ብቻ። የጥርስ መከላከያ እና የቅልጥም መከላከያ። ዱላ ክለቡ ያውስሃል። የድሮ ታኬታህን ግን እቤት ተወው። ሰው ሠራሹ ሳር ላይ አያስኬድህም፣ ሜዳውንም ይጎዳል፣ ብዙ ቦታም ክልክል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተራ የሩጫ ጫማ ይበቃል። ከቀጠልክ ከሥሩ ብዙ ትንንሽ የጎማ ጥርስ ያለውን ትገዛለህ።

ካርቦን90

ዱላ ተውሶ መጫወት ጊዜ ማባከን ነው። አንዴ ከወሰንክ ጥሩውን ግዛ፣ ካርቦኑ 90 ከመቶ የሆነውን። ምቱ ሌላ ነው። ርካሽ ገዝቶ በዓመቱ መቀየር ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

የድሮው_አማካይ

ካርቦን90 ልጄ፣ አንተ ስለ ምት ታወራለህ፣ ልጁ ገና ማቆም አልቻለም።

ዘግይቶ_ጀማሪ፣ ዕድሜህን ትፈራለህ፤ እኔ 61 ነኝ፣ ዛሬም ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር እሯሯጣለሁ። ስለ ዱላው ይኼን ልበልህ። ካርቦን በበዛ ቁጥር ዱላው ይደርቃል። ለሚመታ ሰው ጥሩ ነው። ኳስ ለሚቀበል ጀማሪ ግን መከራ ነው፣ ኳሷ ስትመጣ ግድግዳ እንደነካች ትፈናጠራለች። ካርቦኑ ዝቅ ያለ፣ ፋይበር ግላስ የበዛበት ዱላ ንዝረቱን ይውጥልሃል፣ ስህተትህንም ይሸፍንልሃል። ቁመቱ አጠገብህ ስታቆመው እስከ ዳሌህ አጥንት ቢደርስ ይበቃል። አብዛኛው አዋቂ 36.5 ኢንች ይይዛል። ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ ደግሞ የለም፣ ሁሉም ትንሽ ይጎብጣል። ሕጉ የሚፈቅደው ጉብጠት እስከ 25 ሚሊሜትር ነው። ጉብጠቱ ወደ ታች የወረደው ዱላ ኳስ ጎትተው ለሚወረውሩ ሰዎች ነውና አንተ አትንካው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አዲስ ሰው ሁሉ ሜዳ ሲገባ መምታት ይፈልጋል። ዱላውን ወደ ኋላ ያነሳል፣ በኃይል ያወርዳል፣ አየር ይመታል። እኔ ስንቱን አየሁ! ሆኪ የሚጀመረው ኳስ በማቆም ነው። ግራ እጅህ ከላይ ነው፣ ጫፉ ላይ። ዱላውን የሚያዞረው እሱ ነው። ቀኝ እጅህ ዝቅ ብሎ ላላ ብሎ ይይዛል፣ ግራው ሲያዞር ዱላው ቀኝ መዳፍህ ውስጥ እንደ ልብ መሽከርከር አለበት። ቀኙን ካጠበቅከው አለቀልህ፣ ዱላው እንጨት ይሆናል።

ኳሷ ስትመጣ እጀታውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው፣ ከዱላውና ከመሬቱ መሀል ትያዛለች። ስትነካህ እጅህን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ፣ ሰው እንቁላል ወርውሮልህ እንደምትቀበለው። ኳሷ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን ድፍን ፕላስቲክ ነች፣ እጅህን ካደረቅክባት ሦስት ሜትር ትነጥራለች። ሦስት ሜትር ማለት ደግሞ የሌላ ሰው ኳስ ማለት ነው።

አንድ ወር ሙሉ አቁም፣ ግፋ፣ አቁም፣ ግፋ። ምት በኋላ ይመጣል።

ዘግይቶ_ጀማሪ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይቺን የእንቁላሏን ነገር ጽፌ ይዣታለሁ። እርስዎ እንዳሉት ነው፣ አጥሩ ላይ ሆኜ ሳይ ልቤ የሚሄደው የሚመቱት ላይ ነበር።

ፊሽካ

ዳኛ ነኝ፣ ስለዚህ ማንም አይወደኝም። የሕጉን ነገር ለእኔ ተዉት።

ከእግር ኳስ መምጣትህ ይጠቅምሃል፣ ቦታ ማየት ታውቃለህ። 11 ለ11፣ በረኛ፣ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ፤ ይኼ ሁሉ አዲስ አይሆንብህም። ኦፍሳይድ የለም፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ተነስቷል። ግን ሦስት የእግር ኳስ አመሎች ያስቀጡሃል።

አንደኛው እግርህ ነው። ኳሷ እግርህን ከነካችና ከተጠቀምክበት ፊሽካ ነው። ዱላውም ቢሆን በጠፍጣፋው ፊቱ ነው የሚጫወቱበት፣ ክቡ ጀርባው አይፈቀድም። ወደ ግራህ ያለችን ኳስ ለመንካት ዱላውን ገልብጠህ አፍንጫውን ወደ ታች ታዞራለህ።

ሁለተኛው ገላህ ነው። ብዙ ሰው የማይነግርህ ይኼን ነው። እግር ኳስ ላይ ጀርባህን ሰጥተህ ኳሱን መሸፈን ችሎታ ነው፣ ያስጨበጭባል። እዚህ ጥፋት ነው። በተጋጣሚህና በኳሷ መሀል ገላህን አስገብተህ ከከለከልከው እነፋብሃለሁ። ከእግር ኳስ የመጡ ሰዎች ለሁለት ወር "ምን አደረግኩ?" እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ሦስተኛው ቅጣት ምት ላይ ነው። የተቀጣው ቡድን 5 ሜትር መራቅ አለበት። እግር ኳስ ላይ ኳሱ ፊት ቆሞ ጊዜ መግደል ብልጠት ነው አይደል? እዚህ አረንጓዴ ካርድ ያመጣልሃል፣ አረንጓዴ ማለት ደግሞ 2 ደቂቃ ውጭ መቀመጥ ነው። ቢጫው ቢያንስ 5 ደቂቃ ነው። ቀይ ካየህ ልብስህን ቀይር። በተጨማሪ ቅጣት ምቱን የሚመታው ሰው ማቀበል አይጠበቅበትም፣ ለራሱ ነክቶ መሮጥ ይችላል። አንተ ዳኛውን ስትለማመጥ እሱ በአጠገብህ አልፎ ሄዷል።

ጎል የሚቆጠረው አጥቂ ጎሉ ፊት በተሠመረው ግማሽ ክብ ውስጥ ሆኖ ኳሷን ከነካ ብቻ ነው። ክቡ ከጎሉ 14.63 ሜትር ነው። ከውጭ መትተህ ማንም ሳይነካት መረቡ ውስጥ ብትገባ ለዓይን ታምራለች፣ ግን አትቆጠርም።

ሁለተኛ_ዙር

ይቅርታ፣ ክሩን ልጠምዝዘው። እኔም ጀማሪ ነኝ፣ ችግሬ ግን ግራኝ መሆኔ ነው። የግራኝ ዱላ የት ነው የሚገኘው? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ግራክንፍ

እህቴ፣ ፍለጋሽን አቁሚ። ጠፍጣፋው ፊት ለሁሉም ሰው በግራ በኩል ነው፣ ሌላ ዱላ በውድድር አይፈቀድም። ግን አትከፊ። ጋሼ ከላይ እንደጻፉት የሚያዞረው የላይኛው እጅ ነው፣ እሱም ግራው ነው። ቀኛችን የሚሠራልን ሰዎች ግራ እጃችንን ለማንቃት ወራት ፈጅቶብናል። አንቺ ይዘሽው መጥተሻል።

የመንታ_እናት

የ9 ዓመት መንታ ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም መጀመር ይፈልጋሉ። ለእነሱም ያው ነው?

ግራክንፍ

ለልጆች ይቀላል። በትንሽ ሜዳ፣ በጥቂት ልጆች ነው የሚጫወቱት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ "ያድጉበታል" ብለሽ ረጅም ዱላ እንዳትገዢ። ረጅም ዱላ የያዘ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለምዳል፣ በኋላ ጎንበስ ማሰኘት ፈተና ነው። የጥርስ መከላከያውን ደግሞ በሙቅ ውኃ ለስልሶ በየአፋቸው ልክ የሚቀረጸውን አድርጊው። የማይመች ከሆነ ካልሲያቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው የሚጫወቱት።

ዝምታ_ሰለቸኝ

የእኔ ልምድ እንደናንተ ደስ የሚል አይደለም። ስሙን አልጠራውም፣ አንድ ክለብ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ስሜን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ጥንድ ጥንድ ሁኑ ሲባል ሁልጊዜ እኔ እተርፋለሁ። አሰልጣኙ በአራተኛው ሳምንት "አዲስ ነሽ?" አለኝ፣ ያውም በሴት አንቀጽ። ወንድ ነኝ። ተውኩት።

የድሮው_አማካይ

ይኼ ያሳዝናል። እንዲህ ያለ ክለብም አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። እኔ ክለብ የምለካው በአንድ ነገር ነው፣ ልምምድ ሲያልቅ ኮኖቹን ማን ይሰበስባል? የአንደኛ ቡድን ተጫዋች ጎንበስ ብሎ ከአራተኛው ቡድን ጋር አብሮ ሲለቅም ካየህ ግባ። ጀማሪው ብቻውን ሲለቅም፣ ሌሎቹ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ካየህ ሌላ ፈልግ። ሌላ ክለብ ሞክር ወንድሜ፣ በአንዱ አትፍረድ።

ግራክንፍ

ላይ ባለው ልጨምር። ከመሄድህ በፊት ደውልና የጀማሪ ልምምድ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ የትውስት ዱላ እንዳለ፣ ሳትመዘገብ ስንት ጊዜ መለማመድ እንደምትችል ጠይቅ። ጉዳት ቢደርስብህ ኢንሹራንሱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሸፍንህም ጠይቅ፣ ይቺን ሁሉም ይረሳታል። በስም ጠርተህ የምታገኘው አንድ ሰው ይኑርህ። "እገሌን ፈልግ" ተብሎ መግባትና ዝም ብሎ መግባት ይለያያል።

ዘግይቶ_ጀማሪ

ሄድኩ! ትናንት ማታ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ በደስታ እንዳይመስላችሁ፣ ስላበጠ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሜዳው ውኃ ጠጥቶ ነበር፣ ሆን ተብሎ ነው ለካ የሚረጨው። የአጥሯ ሴትዮ ግራ ተከላካይ ነች፣ ስታየኝ "በመጨረሻ!" ብላ ጮኸች። ከሰገነቱ ሥር ካለ መጋዘን ዱላ አወጣችልኝ፣ እጀታው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ተልጧል። ከአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ጋር አጣመሩኝ።

ልጅቷ ትገፋለች፣ ኳሷ ሹክ እያለች ትመጣለች። የመጀመሪያዋ በዱላዬ ሥር አለፈች። ሁለተኛዋ ዱላዬን መታችና ወደ ጎረቤት ጥንድ ሄደች። ሦስተኛዋን በእግሬ አቆምኳት። በደመ ነፍስ ነው፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ወጣ። ልጅቷ ምንም አላለችም፣ ቅንድቧን ብቻ አነሳች። ከዚያ እንቁላሏን አስታወስኩ። ዘጠነኛዋ ወይ አሥረኛዋ ኳስ ላይ እጀታውን ዘንበል አድርጌ እጄን ሳብ ሳደርግ ኳሷ ዱላዬ ሥር ጸጥ ብላ ተኛች። ድምፅ እንኳን የላትም። ቆሜ አየኋት። "መልስልኝ እንጂ" አለችኝ ልጅቷ።

ከዚያ ግን ጋሼን አልሰማሁም። በመጨረሻው ትንሽ ጨዋታ ኳስ ፊቴ ስትመጣ ዱላዬን ወደ ኋላ አነሳሁ። አየር መታሁ። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ ልገፋ ስል የግራ እጄ ጣቶች ምንጣፉን ፋቁት። ዛሬ ጠዋት ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ካልሲዬን ተኝቼ ነው ያደረግኩት። ይኼ ነገር ያልፋል?

ግራክንፍ

እንኳን ደስ ያለህ! ለጣትህ የግራ እጅ ጓንት አለ፣ ከላይ ጠንከር ያለ ሽፋን ያለው። ግራው ብቻ ይበቃል። ከጥርስና ከቅልጥም ቀጥሎ ሦስተኛው ግዢህ ይሁን፣ ከዱላም በፊት።

የድሮው_አማካይ

አየሩን መምታትህን አውቄዋለሁ! ሁሉም ይመታዋል፣ እኔም መትቼዋለሁ።

የወገብህ ነገር ያልፋል፣ ግን በራሱ አይደለም። አንተ የታጠፍከው ከወገብህ ነው። ከጉልበትህና ከዳሌህ እጠፍ፣ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል እንደምትወርደው። ደረትህ ቀና ይበል፣ ኳሷ ከቀኝ እግርህ ፊት ወደ ቀኝ ወጣ ብላ ትሁን። እግሮችህ መሀል ከገባች ትታጠፋለህ፣ ዓይንህም መሬት ላይ ይቀራል። እኛ በተፈጥሮ ሳር ስንጫወት ኳስ እየዘለለች ስለምታስቸግር አንገት መድፋት ግድ ነበር። ሰው ሠራሹ ሳር በ1976 ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ ከገባ በኋላ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ነው፣ ቀና ብሎ መጫወት ይቻላል። አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ተጠቀምበት።

እቤትህ ግድግዳ ካለ በቀን 10 ደቂቃ ኳስ ግፋበትና ስትመለስ አቁማት። መሬቱ ሻካራ ከሆነ የቴኒስ ኳስ ተጠቀም፣ ዱላውም አይላጥም።

በረኛ_ነኝ

ሁላችሁም ስለ ማቆም ታወራላችሁ፣ የማቆም ሥራ ግን የኔ ነው።

ዘግይቶ_ጀማሪ፣ እግሬ በደመ ነፍስ ይወጣል አልክ። እግሩን የሚጠቀም ሰው የሚፈለግበት አንድ ቦታ አለ። በረኛ ክቡ ውስጥ በእግሩም በእጁም በገላውም ኳስ መመለስ ይችላል። ሄልሜቱ፣ የደረቱ መከላከያ፣ የእግር ፓዶቹ፣ የጫማ ሽፋኖቹ፣ የእጅ መከላከያዎቹ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም የክለብ ንብረት ነው፣ አንተ አትገዛም። ስለ ሽታው ግን አልዋሽህም። ከአንተ በፊት ስንት ሰው ላቡን እንዳፈሰሰበት ቦርሳውን ስትከፍት ታውቀዋለህ።

ደግሞ ትልቅ ጨዋታ አቻ ካለቀ ማን ነው የሚወስነው? አጥቂው ከ23 ሜትሩ መስመር ይነሳል፣ 8 ሰከንድ አለው፣ በረኛው ብቻ ፊቱ ነው። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶቹም የሴቶቹም ፍጻሜ እንዲህ ነው ያለቀው፣ ሁለቱንም ኔዘርላንድስ ወሰደች። ፈልገህ እያቸው፣ ግን አጥቂዎቹን ትተህ በረኞቹን ተመልከት።

ፊሽካ

በረኛ_ነኝ ሰው መመልመሉን ይቀጥል። እኔ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፔናልቲ ኮርነር (አጥቂዎቹ ኳሷን ከጎል መስመር ላይ ወደ ውጭ አውጥተው ጎል የሚሞክሩበት ቅጣት) ሲሰጥባችሁ በረኛውን ጨምሮ አምስት ተከላካዮች ከጎል መስመር ጀርባ ይቆማሉ፣ የቀሩት እስከ መሀል ሜዳ ይሄዳሉ። ኳሷ ስትወጣ ከአምስቱ አንዱ ቀድሞ ወደሚመታው ሰው ይሮጣል። ፊት ላይ ጭምብል ያደርጋሉ፣ ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ምት ከ46 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ጎል መስመሩን ቢያልፍ አይቆጠርም። ተጎትታ የምትወረወር ኳስ ግን ከፍታ አትጠየቅም። ገና ጀማሪ ሆነህ "አንተ ፈጣን ነህ፣ ቅደም" ቢሉህ እምቢ በል። አታፍርም። መሀል ሜዳ ሄደህ ቁም።

ካርቦን90

እኔ አሁንም ዱላ ላይ አቋሜን አልቀየርኩም፣ ግን ፔናልቲ ኮርነሩ ላይ ፊሽካ ልክ ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ጥርስ ነበረኝ።

ዘግይቶ_ጀማሪ

ሰላም፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። ልምምድ የቀረሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታዬን አደረግኩ፣ ለአራተኛው ቡድን። እኛ ሊግ ሁለት ጊዜ 35 ደቂቃ ነው የሚጫወተው፣ በቴሌቪዥን እንደማየው አራት ጊዜ 15 አይደለም። ቀኝ ክንፍ አስቀመጡኝ። "ብዙ የማትጎዳን ቦታ" አለችኝ የአጥሯ ሴትዮ፣ ፊት ለፊት።

4 ለ 1 ተሸነፍን። በመጀመሪያው 35 ደቂቃ ሦስት ኳስ ነካሁ። በሁለተኛው፣ ፊሽካ ይስማኝ፣ ቅጣት ምት ፊት ሄጄ ቆምኩ። ሳላስበው! ዳኛዋ አረንጓዴውን አወጣች፣ ሁለት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ ከላይ የተጻፈውን እያስታወስኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ስመለስ ግን አንድ ነገር ሆነ። ከግራ በኩል ረጅም ኳስ መጣች። እየወጣች ነበር። ከመስመሩ አንድ እርምጃ ሲቀራት ዝቅ ብዬ ደረስኩባት። ዱላውን ዘንበል፣ እጄን ሳብ። ቀረች። ተከላካዩ ምት ጠብቆ ተጣመመ፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ወደ መሀል ገፋኋት። ያቺ የ15 ዓመት ልጅ ክቡ ውስጥ ቆማ ነበር። አንዷ ጎላችን እሷ ነች።

አሁን የራሴን ዱላ ልገዛ ነው። 36.5፣ ካርቦኑ ዝቅ ያለ። ካርቦን90 አይቆጣ።

ካርቦን90

ቢያንስ ቀለሙን አሳምረው።

የድሮው_አማካይ

ዱላ ስትገዛ ያዘው፣ አወዛውዘው፣ ክብደቱን እየው። ጀማሪ ከባድ ዱላ አያምርለትም። ሲከብድህ ቀኝ እጅህ ይጠብቃል፣ ቀኝህ ሲጠብቅ ደግሞ ምን እንደሚሆን ነግሬሃለሁ። ለልጅቷ ያቀበልካት ኳስ ላይ መትተህ ቢሆን ኖሮ የት እንደምትደርስ እኔም አንተም እናውቃለን።

ዝምታ_ሰለቸኝ

ይኼን ክር አንብቤ ሌላ ክለብ ሄድኩ። ኮኖቹን የለቀመችው የአንደኛው ቡድን አምበል ነበረች። በሁለተኛው ቀን ስሜን አውቃለች።

በረኛ_ነኝ

ሁላችሁንም እንኳን ደስ አላችሁ። ዘግይቶ_ጀማሪ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የቡድናችሁ በረኛ ስንት ዓመቱ ነው? ጉልበቱስ እንዴት ነው?